ከመርጨት በፊት፤ የማሳችንን ተባይ ለይቶ ስለ ማወቅ

በቺሮ ከተማ ለሕዝብ የተሰጠ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

 ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ ድረስ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ተነግሮኛል። ስለ ትልና ስለ ነቀዝ ሊናገር የተነሣን ሰው ለመስማት ይህን ያህል ሕዝብ መሰብሰቡ ጉዳዩ የሁላችንም ጓዳ የገባ መሆኑን ያሳያል። 

ዛሬ የምናገርበት ዓላማ አንድ ነው። ሰብል የሚያጠፉ ነፍሳትን በየወገናቸው መመደብ የሚጀመረው ማሳ ላይ ነው፤ የሚጀምረውም ገበሬው ነው፤ ጊዜውም የመርጫ ፓምፑ ጀርባ ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ አንድ የታመመ ቡቃያ አብረን እንሰነጥቃለን። ቀጥሎ ስለ ነፍሳት አፍና ስለ አስተዳደጋቸው እናገራለሁ። ከዚያ ሰፋ ያለውን ጊዜ የምሰጠው ለአገዳ ቆርቁር ነው፤ ምዕራብ ሐረርጌን ያህል ይህንን ተባይ ለማስተማር የተመቸ አገር አላውቅምና። በመጨረሻም ስለ መጤ ተባዮችና ስለ ጎተራ ጥቂት ብዬ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ምን መሥራት እንደምንችል አቀርባለሁ።

እንግዲህ ወደ ቡቃያው። ማሽላው ከተዘራ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሳምንቱ ነው እንበል። ዙሪያው ያሉት ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፤ መሃል ላይ ተጠቅልሎ የሚወጣው ቅጠል ግን ጠውልጎ ደርቋል። ከሩቅ የሚያይ ሰው «ትል ገባበት» ይልና ወደ ሱቅ ይሄዳል። እኛ ግን እንንቀለው። የደረቀውን ቅጠል በሁለት ጣት ይዘን ስንስበው ያለ ምንም ችግር ተመዝዞ ወጣ፤ ሥሩ በስብሷል፤ ይሸታል። ግንዱን በምላጭ ስንሰነጥቀው እግር የሌለው፣ ራሱም ተለይቶ የማይታይ ትንሽ ነጣ ያለ ትል አገኘን። ይህ የዝንብ ልጅ ነው። እናቱ ከቤት ዝንብ ታንሳለች፤ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ከቅጠሉ በታች ትጥላለች፤ የምትፈልገውም ገና ለጋ የሆነውን ማሽላ ብቻ ነው።

አሁን ከዚያው ማሳ ሌላ ቡቃያ እንንቀል። ይኸኛውም መሃሉ ደርቋል። ነገር ግን ቅጠሎቹን ዘርግተን ስናያቸው በመስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉባቸው። ተጠቅልለው በነበረበት ጊዜ አንድ ነገር በስቷቸው አልፏል። ስንሰነጥቀው ቡናማ ራስ ያለው፣ ከራሱ በታች ሦስት ጥንድ እግሮች የሚቆጠሩለት ትል ይወጣል። ይህ የእሳት እራት ልጅ ነው፤ አገዳ ቆርቁር የምንለው እሱ ነው። ሦስተኛውን ቡቃያ ስንነቅል ደግሞ ግንዱ ውስጥ ምንም የለም፤ መሃሉም አልደረቀም፤ ቀጭጮ ብቻ ቀርቷል። ሥሩን ብናጥበው አቀንጭራ ተጣብቆበት እናገኛለን። እሱ ነፍሳት አይደለም፤ ተክል ነው።

ሦስቱም «ማሽላዬ ታመመብኝ» በሚል አንድ አቤቱታ የሚመጡ ናቸው። የዝንቡን ጉዳት የሚቀንሰው ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን፣ ዝናቡ እንደ ጣለ ሳይዘገዩ መዝራታቸው ነው። ዘግይቶ የተዘራ ማሳ ቀደም ብለው በተዘሩት ላይ የተራባውን ዝንብ ሁሉ ይቀበላል። አገዳ ቆርቁር የሚያዝበት መንገድ ሌላ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። አቀንጭራን ደግሞ በነፍሳት መድኃኒት የሚረጭ ሰው ገንዘቡን አፈር ላይ እያፈሰሰ ነው። ያን ሁሉ ለመለየት የጠየቀን ምላጭና አምስት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሰዎች ነፍሳትን በሥርዓት መመደብ ከጀመሩ ቆይተዋል። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን የስም አሰጣጥ ለእንስሳት ሁሉ ያቆመው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ መነሻ ሆኖ የሚቆጠረውም እ.ኤ.አ. በ1758 የታተመው የመጽሐፉ አሥረኛ እትም ነው። ሊኔየስ ነፍሳትን የከፋፈለው በዋናነት በክንፋቸው ነበር። ክንፈ ደረቆቹን ጥንዚዛዎች ለብቻ፣ ክንፋቸው በብናኝ የተሸፈነውን ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ለብቻ፣ ሁለት ክንፍ ብቻ ያላቸውን ዝንቦች ለብቻ አኖረ። እነዚህን ክፍለ መደብ እንላቸዋለን። ከክፍለ መደብ በታች አስተኔ፣ ከአስተኔ በታች ወገን፣ ከወገን በታች ዝርያ አለ። ተማሪዎች ይህን ለፈተና እንደምታጠኑት አውቃለሁ። እኔ የምለምናችሁ መሰላሉን ከመሸምደድ ይልቅ ምን እንደሚጠቅም እንድትጠይቁ ነው። ዛሬ ማታ የተያዘ አንድ ትል የየትኛው ክፍለ መደብ እንደሆነ ከታወቀ፣ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚደበቅ፣ ሲያድግ ምን እንደሚሆንና ምን እንደሚገድለው አብዛኛው ሳይነገር ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ ለገበሬ ቶሎ የሚጠቅመው ምልክት አፍ ነው። ሰብል የሚያጠቁ ነፍሳት በአመጋገባቸው በሁለት ሰፊ ጎራ ይገባሉ። አንደኞቹ ይቆረጥማሉ። አንበጣ፣ ፌንጣ፣ ተምች፣ ጓይ ትል፣ ጥንዚዛ፣ ምስጥ ሁሉ መንጋጋ ያላቸው ናቸው፤ ቅጠሉን ይቦጭቃሉ፣ ፍሬውን ይበሳሉ፣ ሥሩን ይቆርጣሉ። የበሉበት ቦታ ጎድሎ ይታያል። ሁለተኞቹ ይመጥጣሉ። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ቅጠል ላይ የሚዘሉት ጥቃቅን ነፍሳት መርፌ የመሰለ አፋቸውን ተክሉ ውስጥ ሰክተው ጭማቂውን ይስባሉ። ከቅጠሉ የሚጎድል ቁራጭ የለም። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ይገረጣል፣ ይጣበቃል፤ ክሽክሽ ካለ ደግሞ ጣፋጭ ፈሳሹን ፍለጋ ጉንዳን ሲመላለስበት ታያላችሁ።

ይህ ልዩነት መድኃኒቱ ላይ ይወስናል። ቅጠል ላይ ተነስንሶ ከቅጠሉ ጋር ሲበላ የሚገድል መድኃኒት ለሚቆረጥመው ይሠራል፤ አፉን ከቅጠሉ ቆዳ በታች ለሚሰካው ግን አይደርስም። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከሚባል የአፈር ባክቴሪያ የሚዘጋጀውን መድኃኒት ውሰዱ። አባጨጓሬ ሲበላው ጨጓራውን ያበላሽበታል፤ ለሰውና ለንብ ግን ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል። ይህን የመሰለ መልካም መድኃኒት ክሽክሽ ላይ ቢረጩት አንድም ክሽክሽ አይሞትም። ያን ያየ ገበሬ «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ለአባጨጓሬውም አይገዛውም። ምደባ ሳይቀድም የመጣ መድኃኒት ስሙ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ክሽክሽ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በአካባቢያችን ማሽላም፣ አትክልትም ላይ አለና። ሴቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ እንቁላል ሳትጥል ልጆቿን በሕይወት ታወጣለች፤ ልጆቿም በሳምንት ገደማ እናት ይሆናሉ። ይህን መራባት የሚገቱ ጠላቶች አሏት። ቀይዋ ጥቁር ነጥብ ያላት ጥንዚዛና አዞ የሚመስለው ጥቁር ልጇ ክሽክሽ ይለቅማሉ። ሁሉን በሚገድል መድኃኒት ማሳውን ስናጥበው ጥንዚዛዋም አብራ ትሞታለች። ክሽክሽ በሳምንት ተመልሶ ይሞላል፤ ጥንዚዛዋ ለመመለስ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅባታል። ስለዚህ ምደባ ስንል ጠላትንና ወዳጅንም መለየት ማለታችን ነው። የጥንዚዛዋን ልጅ ተባይ መስሏቸው በጣታቸው የሚጨፈልቁ ብዙዎች ናቸው።

ስለ ጫትም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የጫትን ለጋ ቅጠል የሚያጠቁት ነፍሳት ውስጥ ጭማቂ የሚመጥጡት ጥቃቅን ዘላዮች ይገኙበታል። ጫት የሚበላው እርጥቡን፣ በተቆረጠ በሰዓታት ወይም በማግስቱ ነው፤ እሳት አይነካውም። በኢትዮጵያ የጫት ናሙናዎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ዲዲቲ ተገኝቷል። ዲዲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት መሠረት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይውል የተወሰነ ኬሚካል ነው፤ ቦታው ለወባ የሚረጨው የቤት ግድግዳ እንጂ የሚታኘክ ቅጠል አይደለም። ይህንን የምናገረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ገበሬው የቅጠሉን ጠላት ማንነት የሚነግረው ሰው ካጣ፣ እጁ የገባውን ብርቱ መርዝ መጠቀሙ አያስደንቅም። የሚከፍለው ግን ቃሚው ነው፤ ከቃሚውም በፊት ያለ ጓንት የሚረጨው ወጣት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ስለ አስተዳደግ። ነፍሳት የሚያድጉት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ከእንቁላል ሲወጡ ወላጃቸውን ይመስላሉ፤ የጎደላቸው ክንፍ ብቻ ነው። አንበጣ እንዲህ ነው፤ ልጁን ኩብኩባ እንለዋለን። ኩብኩባው በየጊዜው ቆዳውን እየጣለ ያድግና በመጨረሻ ክንፍ ያወጣል። ሌሎቹ ግን ከእንቁላል ሲወጡ ትል ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይወፍራሉ፤ ከዚያ አፈር ወይም ግንድ ውስጥ ገብተው ሳይበሉና ሳይንቀሳቀሱ ቆይተው፣ ከወላጃቸው ጋር አንድ የሆነ ክንፋም ሆነው ይወጣሉ። ተምች፣ አገዳ ቆርቁር፣ ነቀዝና ዝንብ ሁሉ በዚህኛው መንገድ ያድጋሉ። ሰብል የሚያጠፋው ዕድሜ የትኛው እንደሆነ ካላወቅን ጊዜያችንን በከንቱ እንጨርሳለን።

የ2012 እና የ2013 ዓ.ም የበረሃ አንበጣ ወረራ ገና ከአእምሯችን አልጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ብሎ የመዘገበው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2018 በዐረብ ልሳነ ምድር በረሃ ላይ የጣሉት ሁለት የባሕር አውሎ ነፋሶች ዝናብ ነበር፤ እርጥብ አሸዋ ለእንቁላሉ ተመቸ፣ መንጋውም በየመንና በሶማሊያ በኩል ደረሰን። አንድ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ በቀን የሚበላውም የ35,000 ሰው ቀለብ ያህላል። ሐረርጌ፣ ምሥራቁም ምዕራቡም፣ ማሽላው ዛላ ባወጣበት ወቅት ተመታ። በዚያ ሰሞን ገበሬው ቆርቆሮ እየመታ፣ እየጮኸ መንጋውን ወደ ጎረቤት ማሳ ሲሰድ አይተናል። የሚበር መንጋ በአየር መርጨትን፣ አውሮፕላንንና የጎረቤት አገሮችን መተባበር ይጠይቃል፤ ለዚህም ነው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው። ኩብኩባው ግን መሬት ላይ ነው፤ አይበርም፤ በቡድን እየተጓዘ ይታያል። በዚያ ዕድሜው የት እንዳለ አንድ እረኛ አይቶ ቢናገር፣ የወራት ዘመቻ በጥቂት ቀን ሥራ ሊተካ ይችላል። እረኛው ኩብኩባን ከተራ ፌንጣ መለየት መቻል አለበት፤ ቡድን ሠርቶ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደውን፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለም ያለውን ሲያይ ለቀበሌ መንገር አለበት።

አሁን ወደ ተናገርሁት ዋና ጉዳይ ደረስን፤ አገዳ ቆርቁር። ቺሮ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚህ ወደ ሚኤሶ ስትወርዱ አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ መንገድ ወደ 1,350 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። አየሩ ይሞቃል፣ ማሽላው ያጥራል፣ የሚዘራበት ጊዜ ይለወጣል። አገዳው ውስጥ ያለው ትልም ይለወጣል፤ ይህንን ግን ከመኪና መስኮት ማንም አያየውም። በደጋውና በወይና ደጋው የሚበዛው ቡሴኦላ ፉስካ የሚባለው ዝርያ ነው፤ የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ማሽላ እዚህ መታረስ ከጀመረ አንሥቶ አብሮን ኖሯል ብንል አንሳሳትም። በቆላው የሚበዛው ቺሎ ፓርተሉስ ነው፤ የእስያ ተወላጅ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መባቻ በማላዊ ነው። በሀገራችን የተደረጉ ቅኝቶች ቺሎ የሚበረታው ከ1,700 ሜትር በታች እንደሆነ አሳይተዋል፤ ከዚያ በላይም አልፎ አልፎ ይገኛል። በደቡብ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች ቺሎ እየገፋ ቡሴኦላን እንደተካው ተመዝግቧል። እዚህም የሙቀቱ ድንበር ወደ ላይ ሲወጣ ቺሎ አብሮ እንደሚወጣ መጠበቅ ብልህነት ነው።

ሁለቱን በእጅ ይዞ መለየት ይቻላል። እንቁላላቸውን ብታዩ ቡሴኦላ ከቅጠሉ ሰገባ ሥር፣ በሰገባውና በግንዱ መካከል ደብቃ በተርታ ትጥላለች፤ ቺሎ ግን በቅጠሉ ላይ በገሃድ፣ እርስ በርስ የተደራረቡ ዝርግ እንቁላሎች ትለጥፋለች። ትሉን ብታዩ የቺሎ ልጅ ጀርባው ላይ በመስመር የተደረደሩ ጠቋቁር ነጥቦች ጎልተው ይታዩበታል፤ የቡሴኦላ ልጅ ፈዘዝ ያለ፣ አንዳንዴም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው፤ ነጥቦቹ አይጎሉም። ጥርጣሬ ሲኖር የእጅ ማጉያ መነጽር ይረዳል። ትሉን በጀርባው አስተኝታችሁ ሆዱ ላይ ያሉትን አጫጭር የሥጋ እግሮች ጫፍ ተመልከቱ። እዚያ ላይ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉ። የቺሎ መንጠቆዎች ክብ ሠርተው ይገጥማሉ፤ የቡሴኦላ ግን ግማሽ ክብ ብቻ ናቸው። ይህ አንድ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለምደው ነገር ነው፤ አንዴ ያየው አይረሳውም።

«ሁለቱም አገዳ ይበሳሉ፤ ቢለዩ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። መልሱን የሚሰጠን አንድ ትንሽ ተርብ ነው። ኮቴዢያ ፍላቪፔስ ይባላል፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙ አይበልጥም። ትሉ አገዳ ውስጥ ካለበት ድረስ ገብቶ ይወጋውና እንቁላሉን ሰውነቱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የተርቡ ልጆች ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጣሉ። ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ሳይንስ ማዕከል ኢሲፔ ይህንን ተርብ ከእስያ አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ ለቀቀው። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም አልለቀቀውም፤ ሆኖም ተመራማሪዎች በሀገራችን ማሳዎች ራሱን ተክሎ አገኙት። ይሁንና ይህ ተርብ የሚያሸንፈው ቺሎን ነው። ቡሴኦላን ቢወጋም የቡሴኦላ ደም የተርቡን እንቁላል ከብቦ ያፍነዋል፤ ተርቡ አይፈለፈልም። ለቡሴኦላ የሚበጀው ሌላ የአፍሪካ ተወላጅ ዘመዱ ኮቴዢያ ሴሳሚያይ ነው። እንግዲህ ሚኤሶ ላይ ገበሬውን የሚያግዘው ተርብ ሂርና ላይ ላያግዘው ይችላል ማለት ነው። የትሉን ዝርያ ሳያውቅ ተርብ የሚያራባ ፕሮግራም ድካሙ ሜዳ ላይ ይቀራል።

አገዳ ቆርቁርን መድኃኒት ብቻ የማያሸንፈው ለምን እንደሆነም ከአኗኗሩ ይታወቃል። ከእንቁላል እንደ ወጣ ለጥቂት ቀናት ተጠቅልሎ በሚወጣው ቅጠል ውስጥ ይበላል፤ መድኃኒት ሊደርስበት የሚችለው ያኔ ብቻ ነው። ግንዱ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ ሁሉ የሚያርሰው ቅጠሉን ነው። አዝመራው ካለቀ በኋላ የቡሴኦላ ትል በደረቀው አገዳ ውስጥ ተኝቶ በጋውን ያሳልፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ እሳት እራትነት ተለውጦ ይወጣና አዲሱን ቡቃያ ይጀምራል። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ተባይ የሚያድረው ቤታችን አጠገብ በቆመው ክምር ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ መጻሕፍት «አገዳውን አቃጥሉ» ይላሉ። ለሐረርጌ ገበሬ ይህ ምክር አይሆንም። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፣ የቤት መሥሪያ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ተራራው የተራቆተ በሆነበት አገር አገዳ አቃጥል ማለት በሬህን አስርብ እንደ ማለት ነው። በሀገራችን በተደረገ ጥናት የተገኘው መንገድ ለእኛ ይሻለናል፦ አገዳውን አቁሞ ከመከመር በፊት መሬት ላይ አጋድሞና አሳስቶ ለአራት ሳምንት ያህል ለብርቱ ፀሐይ መስጠት። ውስጡ የተኛው ትል አብዛኛው በሙቀቱ ያልቃል፤ አገዳው ግን ለአጥርና ለማገዶ ይተርፋል። ለመኖ የሚፈለገውን ቀድሞ ማብላት፣ ለአጥር የሚፈለገውን ማስጣት፤ ይህን አንድ ቀበሌ በሙሉ በአንድ ወር ቢያደርገው ውጤቱ ይታያል። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ግን የጎረቤቱ ክምር ይመልስበታል።

ስለ መጤዎቹ አጠር አድርጌ ልናገር። ለንጽጽር በነባሩ ልጀምር፤ ተምችን አባቶቻችን ያውቁታል። የእሳት እራቱ በነፋስ ተጭኖ ይመጣል፤ ዝናብ በጀመረ ሰሞን ሣርም፣ ጤፍም፣ በቆሎም፣ ማሽላም ላይ በድንገት ይፈላል፤ ጥቁር ሆኖ በጅምላ ሲጓዝ ሁሉም ያየዋል። ያን ጊዜ ግን አብዛኛውን በልቶ ጨርሷል፤ በጥቂት ቀን አፈር ውስጥ ሊገባ ነው፤ የሚረጨው መድኃኒት የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነው። በ2009 ዓ.ም የካቲት ላይ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ሸካ ዞን የኪ ወረዳ አንድ አዲስ ትል ታየ። ከአሜሪካ የተነሣ፣ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመዘገበ ነው፤ መጤ ተምች አልነው። ሁለቱ ስፖዶፕቴራ በሚባል አንድ ወገን ውስጥ ያሉ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። መጤው በጅምላ መንገድ አይሄድም፤ በቆሎው መሃል ተጠቅልሎ በሚወጣው ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ይበላል፤ ከበላበት ሥር ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ይከምራል። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» ፊደል አለ፤ ከጭራው አቅራቢያ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። በቆሎ በሚዘራበት የበልግና የመስኖ ማሳ ሁሉ ትውልድ በትውልድ እየተተካ ይኖራል። ለተምች ወጥመድ ተዘርግቶ ትንበያ ይጠበቃል፤ ለመጤው ግን በየሳምንቱ ማሳ ውስጥ መግባት፣ እንቁላሉን መጨፍለቅ፣ ትሉን ገና ትንሽ ሳለ መልቀም ነው። ትልልቆቹ መደበቂያቸው ውስጥ ከገቡ መርጨት ብዙም አይሠራም።

ጎተራ ላይ ብዙ አልቆይም። ሐረርጌ እህሉን በጉድጓድ በማስቀመጥ የታወቀ ነው። በደንብ የታሸገ ጉድጓድ ውስጥ አየር ስለሚያንስ ነቀዝ እንደ ልቡ አይራባም፤ ችግሩ እርጥበቱና ሻጋታው ነው። ጉድጓዱን ትቶ ጆንያ የያዘ ሰው ደግሞ ነቀዝን ይቀበላል። የበቆሎና የማሽላ ነቀዝ ራሱ ወደ ፊት ረዝሞ እንደ ኩምቢ ወጥቷል፤ በዚያ ሴቷ ፍሬውን በስታ እንቁላል ታስቀምጥበታለች፣ ቀዳዳውንም ትደፍናለች። ልጁ ፍሬው ውስጥ ያድጋል፤ ጤነኛ የመሰለው እህል ከሳምንታት በኋላ ነው ብናኝ የሚሆነው። ስለዚህ «ዛሬ ነቀዝ የለበትም» ማለት ነገ አይኖርበትም ማለት አይደለም። እህሉን አድርቆ አየር በማያስገባው ባለ ድርብ ከረጢት ማሰር ፍሬው ውስጥ ያለውንም ትል ያፍነዋል። ጋዝ የሚያወጣውን የነቀዝ መድኃኒት እንክብል መኝታ ቤት ውስጥ ካለ እህል ላይ ማድረግ ግን ቤተሰብ መግደል ነው፤ ይህንን ደግሜ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከንግግሬ መጨረሻ ላይ ደረስሁ። እስከ አሁን ያልሁት ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋል፦ የሚያይ ሰው። በዳሮ ለቡ የሜቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ እዚሁ ከተማችን የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ምሥራቃችን ላይ ከስድሳ ዓመት በላይ ተባይ ሲያጠና የኖረው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ2002 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 674ም ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ተቋማትም ሕግም አሉ። ግን ማንኛውም ተመራማሪ ከሂርና ተራራና ከሚኤሶ ሜዳ እያንዳንዱን ማሳ ሊጎበኝ አይችልም። የሚችለው እዚያ የሚውለው ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ገበሬዎች፣ ማሳችሁ ላይ የማታውቁትን ነፍሳት ስታዩ አትጨፍልቁት፤ የተጨፈለቀ ትል ማንም ሊለየው አይችልም። ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ከበላው ቅጠል ጋር አድርጋችሁ ለልማት ሠራተኛችሁ አድርሱ። የት ቀበሌ፣ ምን ቀን፣ ምን ሰብል ላይ እንደ ተገኘ በወረቀት ጽፋችሁ አያይዙት፤ ያለ ቦታና ያለ ቀን የመጣ ናሙና ግማሽ ጥቅሙን አጥቷል። የልማት ሠራተኞች፣ ገበሬው ስለ መድኃኒት ሲጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ነፍሳቱን አሳየኝ በሉት። የሱቅ ባለቤቶች፣ ምን ላይ እንደሚረጭ ላልነገራችሁ ሰው አትሽጡ። የሳይንስ መምህራን፣ በቺሮ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሚኤሶ ያሉ ትምህርት ቤቶቻችን እያንዳንዳቸው አንድ የነፍሳት ስብስብ ሣጥን ሊኖራቸው ይችላል፤ የሚያስፈልገው መርፌ፣ ካርቶን፣ አልኮልና የተማሪዎች ጉጉት ነው። የቺሮው ሣጥን ከሚኤሶው ጋር በዓመቱ መጨረሻ ጎን ለጎን ቢቀርብ የትኛው አገዳ ቆርቁር እስከ የት እንደ ወጣ ከሁሉ በፊት የምናውቀው እኛ እንሆናለን። ሥራውን በመጪው የዘር ወቅት ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ መምህራን ዛሬ ከመበተናችን በፊት ስማችሁን በር ላይ ባለው መዝገብ እንድታሰፍሩ እጠይቃለሁ።